የአንድ ቀን ሮማና የመንገደኛው ጓዝ

በባሕር የሚሄደውንና በአየር የሚሄደውን መንገደኛ የሚገዛቸው ሕግ አንድ አይደለም። የመዝናኛ መርከብ ሺህ ሰዎችን ተሸክሞ የሚንሳፈፍ ከተማ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ይዞት የሚገባውን ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ አይመዝንበትም፤ አውሮፕላን ግን እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ስለሚያስወጣው ከደጁ ላይ ሚዛን አቁሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ከባርሴሎና እስከ ፒሬዎስ ከወደብ ወደ ወደብ ሲሻገር የወይራ ዘይቱን፣ ጫማውን፣ የሸክላ ሳሕኑን፣ ለዘመድ የሚሆነውን ስጦታ ሁሉ እየገዛ በክፍሉ ያከማቸ ሰው፣ ያ ሁሉ ንዋይ ክብደት ያለው መሆኑን የሚረዳው በጉዞው ፍጻሜ፣ ከመርከብ ወርዶ አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ በቀረችው በአንዲት ዕለት ነው።

ይህች ዕለት በየወደቡ ትገኛለች፤ እኛ ግን ሮማን መርጠናል፤ ምክንያቱም በአሜሪካና በአውሮጳ ከሚኖሩት ወገኖቻችን የሜዲትራኒያንን ባሕር በመርከብ ዞረው ከዚያ ወደ አገር ቤት ለመግባት ለሚያስቡ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሮማ ወደ አዲስ አበባ የሚበር በመሆኑ፣ ከተማይቱ ለጉዟቸው መጋጠሚያ ልትሆናቸው ስለምትችል ነው። የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ይመርምር፤ መርከቡ በመንገድ ላይ እንደ ቱርክ ያለ ከሸንገን ክልል ውጭ የሆነ አገር ከነካ፣ ጣልያን ሲደርስ እንደገና መግባቱ ስለሚሆን፣ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ሊሆን ይገባዋል።

ወደ ሮማ የሚመጡ መርከቦች የሚቆሙት በሮማ አይደለም። ወደቡ ቺቪታቬኪያ ይባላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ትራያኖስ በሁለተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ያሠራው ሲሆን፣ ከከተማይቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንግዲህ የጓዙ ነገር መቆረጥ ያለበት ከዚህ ወደብ ከመድረስ በፊት፣ በመጨረሻው የባሕር ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት የመርከቡ ሠራተኞች ለየእንግዳው ቀለም ያለው መለያ ወረቀት ያድላሉ፤ እንግዳው ወረቀቱን በሻንጣው ላይ አሥሮ ከክፍሉ በር ውጭ ያኖረዋል፤ በማግሥቱም ጓዙን ከወደቡ አዳራሽ በየቀለሙ ተደርድሮ ያገኘዋል። ከበር ውጭ የወጣ ሻንጣ እስከ ጧት ድረስ ስለማይመለስ፣ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የነገ ልብስና ገንዘብ በእጅ ቦርሳ መቅረት አለባቸው። ለተንቀሳቃሽ ስልክ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ባንክም በአውሮፕላን ሆድ መጫን የተከለከለ ስለ ሆነ ከእጅ አይለይ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አየር መንገዶች ለረጅም በረራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የኪሎውን ድምር ሳይሆን የሻንጣውን ቁጥርና የእያንዳንዱን ክብደት ነው። ለአንድ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ተፈቅደውለት ሳለ አንዱ 30፣ ሌላው 16 ኪሎ ቢመዝን፣ ድምሩ ያው 46 ቢሆንም በባለ 30ው ላይ ትርፍ ይከፍላል። ከ32 ኪሎ ያለፈውን ደግሞ፣ ሸክሙን የሚያነሡት ሠራተኞች ጀርባቸው እንዳይጎዳ ሲባል፣ ብዙዎቹ አየር መንገዶች ገንዘብ ቢከፈልበትም አይቀበሉትም። መጠኑም ልክ አለው፤ ቁመቱ፣ ወርዱና ጎኑ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚለው ሕግ የተለመደ ነው። በእጅ የምትንጠለጠል ትንሽ ሚዛን የያዘ ሰው በመርከቡ አልጋ ላይ ሁሉን ዘርግቶ፣ ከከባዱ ወደ ቀላሉ እያዛወረ፣ ሁለቱን ሻንጣዎች ያስተካክላል። አስተካክሎም የሚተርፍ ካለ፣ ተጨማሪ ሻንጣን አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት በአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ላይ ከሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚረክስ፣ ገና በመርከቡ ሳለ ይክፈል። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣቸውን በምድር ላይ ከፍተው፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያያቸው፣ ለልጅ ልጅ የገዙትን ጫማ ከእናት ቀሚስ ጋራ እያማረጡ የትኛውን እንደሚጥሉ የጨነቃቸውን እናቶች አይቻለሁና ይህን ምክር በቀላሉ አልናገረውም። ጭንቀቱ በአንዲት ሌሊት ሥራ ሊቀር የሚችል ነበር።

ከቺቪታቬኪያ ጣቢያ የተነሣው ባቡር እንደ ፍጥነቱ በአንድ ሰዓት ያህል ሮማ ቴርሚኒ ከሚባለው ታላቅ ጣቢያ ይደርሳል። በጣቢያው ውስጥ እንደሚቆይበት ሰዓት እየተቆጠረ የሚከፈልበት የጓዝ ማስቀመጫ አለ። ዋጋው ብዙ መስሎት ሻንጣውን እየጎተተ ከተማ ለማየት የሚወጣ ሰው ቀኑን በከንቱ ያጠፋዋል፤ የሮማ ጎዳናዎች ሳምፒዬትሪኒ በሚባሉ፣ ስማቸውን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባገኙ ትንንሽ ጥቁር ድንጋዮች የተነጠፉ በመሆናቸው የሻንጣ መንኰራኩር አይሄድባቸውም፤ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንም ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ማስቀመጫው የሚዘጋበትን ሰዓት ጠይቆ ደረሰኙን በኪሱ ያደረገ መንገደኛ ግን እጁ ነጻ ነው።

ለኢትዮጵያዊም ትዝታው ገና ከጣቢያው ደጅ ይቀበለዋል። ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ አምስት መቶ የተባሉትም በ1879 ዓ.ም. በጥር ወር ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ሠራዊት የወደቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ጓዙን ለማስቀመጥ የሚጣደፈው የአገራችን ሰው ይህን ስም በየአውቶቡሱ ላይ እያነበበ፣ የማንን ድል እንደሚያነብ ሳያውቅ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እንደ ልብ የሚገባበት ስፍራ ባይሆንም ታሪኩን ማወቅ ይገባል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ከሚኖሩት የአገራችን መነኮሳት ልሳነ ግእዝን ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። ከዚያም የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ እዚያው ሮማ አሳተሙ።

ጊዜው ጠባብ ለሆነበት ግን እኔ የምመርጥለት ስፍራ ሌላ ነው። ከቴርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛው ማቆሚያ ቺርኮ ማሲሞ ይባላል፤ በአጠገቡም የፖርታ ካፔና አደባባይ አለ። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመናት ሙሉ በግዞት የቆመው በዚህ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ እየሮጠ በሐውልቱ አጠገብ አልፎ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን ያሸነፈውም በዚሁ መንገድ ነው።

ከሮማ ወደ ኢትዮጵያ ከተላከው ጓዝ ሁሉ የሚከብደውም ይኸው ሐውልት ነው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል ስለ ሆነ እንደ ቆመ የሚሸከመው አውሮፕላን አልተገኘም፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ አንቶኖቭ በተባለ ግዙፍ አውሮፕላን በሦስት ምልልስ በ1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ስፍራው ተተክሎ ተመረቀ።

ከፖርታ ካፔና ተመልሰው ሻንጣዎን ሲያነሡ፣ ከቴርሚኒ ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕሬስ የተባለው ባቡር በመንገድ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ያደርስዎታል። በረራዎ ከመነሣቱ ሦስት ሰዓት አስቀድመው ከማረፊያው ይገኙ።