ያውቁ ኖሯል? ፓራሹት ሲመርጡ፣ ሲገዙና ሲሸጡ

በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ጥላማ ጎዳናዎች ላደገ ሰው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ማየት ብርቅ አይደለም። ከዚያ አውሮፕላን ላይ መዝለል የሚያምረው ወጣትም አይጠፋም። ዱባይ ያለ ዘመድ «ያገለገለ ፓራሹት በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ላምጣልህ?» ቢለው ምን ይመልስ? ዋጋና ቀለም ኋላ ይደርሳሉ። መጀመሪያ የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የዘላዩ አካል፣ የሚዘለልበት አየርና የዕቃው ወረቀት። ለእነዚህ መልስ የሚሆኑ እውነታዎች እነሆ።

ሰማዩና እኛ

1. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1929 ነው። ፖቴ 25 የተባለው ይህ የፈረንሳይ አውሮፕላን የተነሣው ከጅቡቲ ነበር።

2. በዓመቱ ፓራሹተኛም መጣ። ትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሃርለም የኖረው ሁበርት ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1923 ሃርለም ላይ በፓራሹት ወርዶ ስም ያተረፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ዘልሎ የኮሎኔልነት ማዕረግ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ፣ የዘውዱ በዓል ሊከበር ሲቃረብ፣ የንጉሠ ነገሥቱን አነስተኛ አውሮፕላን ከሰከሰና ከአገር ወጣ።

3. በጣሊያን ወረራ ዘመን በደንከል በረሃ ለሚጓዘው የጣሊያን ጦር ስንቅ ከአየር ይወርድ ነበር። በፓራሹት ከወረዱት መካከል በሕይወት ያሉ በጎችና ሰንጋዎች ይገኙበታል።

4. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው ከዓለም ጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ኖርማንዲ ላይ አየር ወለዶችን ያወረደው የአውሮፕላን ዓይነት ይኸው ነበር። አየር መንገዱ ኋላ ላይ በአገር ውስጥ ያበረረው ትዊን ኦተር ደግሞ ዛሬ በመላው ዓለም ዘላዮች አብዝተው ከሚመርጧቸው አውሮፕላኖች አንዱ ነው።

5. ባህላዊው የአየር ወለድ ፓራሹት ክብ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ተስቦ ወዲያው ይከፈታል። የስፖርት ዘላይ ግን ወደ 4,000 ሜትር ወጥቶ፣ አንድ ደቂቃ ያህል በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወደቀ፣ ራሱ ይከፍተዋል። ስለዚህ «የወታደር ትርፍ ነው፣ ጠንካራ ነው» ተብሎ የቀረበ ክብ ፓራሹት ለስፖርት ዝላይ አይሆንም።

የድሬ አየርና የፓራሹት ልክ

6. አራት ማዕዘኑ ፓራሹት ክንፍ ነው። ካናዳ የተወለደው ዶሚና ጃልበርት እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሁለት የጨርቅ ንብርብሮች በመካከላቸው ባሉ ክፍሎች ነፋስ ይሞላሉ። ሲሞሉም እንደ አውሮፕላን ክንፍ ተሸክመው ይንሸራተታሉ።

7. ልኩ የሚለካው በካሬ ጫማ ነው። የዘላዩ ክብደት ከነልብሱና ከነዕቃው በፓውንድ ይወሰድና ለጨርቁ ስፋት ይካፈላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ዕቃ ሲሸከም 82 ኪሎ፣ ማለትም 181 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። በ180 ካሬ ጫማ ፓራሹት ላይ ውጤቱ 1 ነው። ለጀማሪ ፈቃድ ላለው ዘላይ ከ1 እንዳያልፍ ይመከራል፤ ተማሪ ደግሞ ከዚያም ሰፋ ባለው ይወርዳል።

8. የድሬዳዋው አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል 1,160 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ በደረሰ ቀን ግን አየሩ ስለሚሳሳ ለክንፍ የሚሰጠው ጉልበት በ2,100 ሜትር ላይ ያለ ቀዝቃዛ አየር የሚሰጠውን ያህል ነው። ሙቀት የማይታይ ተራራ ነው ማለት ይቻላል።

9. በዚህ ምክንያት ያው ፓራሹት፣ ያንኑ ሰው ተሸክሞ፣ በ15 ዲግሪ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ፍጥነት ይልቅ በድሬ ቀትር 11 በመቶ ያህል ፈጥኖ ያርፋል። አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ ልዩነቱ 16 በመቶ ይጠጋል።

10. 11 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እግርና ወገብ የሚቀበሉት ጉልበት ከፍጥነቱ ይልቅ በብዙ ያድጋል፤ 11 በመቶ የጨመረ ፍጥነት 23 በመቶ የበለጠ ምት ይዞ ይመጣል። ዱባይ ወይም የኬንያው ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ላይ የለመዱትን ልክ ወደ ድሬ ሲያመጡ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ መምረጥ የብልህ ሥራ ነው። ጊዜውም ማለዳ ቢሆን ይመረጣል።

11. እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በ3.57 ሚሊዮን ዝላይ የሞቱት 10 ሰዎች ናቸው። በዚህ ስፖርት ከሚደርሱ ሞቶች ብዙዎቹ የሚከሰቱት ደህና ተከፍቶ በሚሠራ ፓራሹት ሥር፣ በማረፊያ ሰዓት ነው። ከመጠን ያነሰ ልክ መግዛት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

12. በአሜሪካ ደንብ ለተማሪና ለጀማሪ የሚሆን ማረፊያ ከዛፍ፣ ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ገመድ በየአቅጣጫው 100 ሜትር መራቅ አለበት። የከዚራ ዛፎች ለእግረኛ በረከት፣ ለዘላይ ግን እንቅፋት ናቸው። በዚያ ላይ የድሬ ሰማይ የመንገደኛም የአየር ኃይልም መንገድ ስለሆነ፣ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ዝላይ አይታሰብም።

ጀርባ ላይ የሚታዘለው

13. ሙሉ ዕቃ የሚባለው አራት ነገር ነው፦ ማሰሪያው ከነከረጢቱ፣ ዋናው ፓራሹት፣ መጠባበቂያው ፓራሹትና በራሱ የሚሠራው መክፈቻ መሣሪያ። «ፓራሹት እሸጣለሁ» ያለ ሰው ከአራቱ የትኞቹን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።

14. ዋናውን ዘላዩ ራሱ ያጥፈዋል። መጠባበቂያውን ግን አጥፎ በማኅተም የሚያሽገው ሪገር የሚባለው ባለፈቃድ ባለሙያ ብቻ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ በየ180 ቀኑ ተከፍቶ፣ ተመርምሮ፣ እንደገና ይታጠፋል።

15. ሳይፕረስ የተባለው የጀርመን መክፈቻ መሣሪያ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ለሠለጠነ ዘላይ የተሠራው ዓይነት፣ ሰውየው በሴኮንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወደቀ ከመሬት 225 ሜትር ገደማ ሲደርስ የመጠባበቂያውን መዝጊያ ገመድ ቆርጦ ይከፍትለታል። ራሱን የሳተ ሰው እንኳ በዚህ ሊተርፍ ይችላል።

16. መሣሪያው መሬትን የሚያውቀው በበራበት ቦታ የአየር ግፊት ነው። ሐረር ከድሬዳዋ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ድሬ ላይ በርቶ ሐረር ላይ ለመዝለል የዋለ መሣሪያ መሬቱ ገና ሩቅ እንደሆነ ስለሚቆጥር በጊዜው ላይከፍት ይችላል። ቦታ ሲቀየር አጥፍቶ በአዲሱ ሜዳ ላይ ማብራት ግዴታ ነው። የእጅ ከፍታ መለኪያም እንዲሁ በሜዳው ላይ ዜሮ ይደረጋል።

17. ዋናው ፓራሹት ቢጠላለፍ ሦስት ቀለበቶች እርስ በርስ ተደራርበው የያዙትን ማሰሪያ በአንድ እጅ ስቦ መልቀቅ ይቻላል። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ቢል ቡዝ ነው። ቀለበቶቹ መዛግና መጣመማቸው፣ ገመዶቻቸውም መቆሸሻቸው ከመግዛት በፊት ይታይ።

18. ድሬዳዋ በጥጥ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የፓራሹት ጨርቅ ግን ጥጥ አይደለም። መጀመሪያ ሐር ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ናይለን ነው። በየተወሰነ ርቀት ወፈር ያለ ክር በአራት ማዕዘን ስለሚሸመንበት፣ ቢቀደድ እንኳ ቀዳዳው በቀላሉ አይሰፋም።

19. የናይለን ዋነኛ ጠላት ፀሐይ ነው። የድሬ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚውል ጨርቅ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውም ይሄዳል። የባትሪ አሲድ ደግሞ በጥቂት ጠብታ ያበላሸዋል፤ ከመኪና ባትሪ አጠገብ አይጫን። አሸዋም ገመዱን ይሞርደዋል።

20. ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ከረጢቱን የሚዘጋው ትንሽ የገመድ ቀለበት ነው። ካለቀ ግን ዋናው ፓራሹት ባልታሰበ ሰዓት ሊከፈት ይችላል። መሳሳት ሲጀምር ይቀየራል እንጂ እስኪበጠስ አይጠበቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ያገለገለ ሲገዙ

21. አዲስ ሙሉ ዕቃ ከ8,000 እስከ 10,000 ዶላር ገደማ ያወጣል። በደንብ የተያዘ ያገለገለ ከዚያ በግማሽ ሊገኝ ይችላል። በጣም ከረከሰ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ዕድሜው ላይ ነው።

22. ሁለት ቁጥሮች ይፈለጉ፦ የተሠራበት ቀንና መለያ ቁጥር። በከረጢቱና በመጠባበቂያው ላይ የተሰፋው መለያ ከሪገሩ ካርድ ጋር አንድ ካልሆነ ቀብድ አይከፈልም። ዕድሜው ከ20 ዓመት ያለፈን ዕቃ ለማጠፍ ፈቃደኛ ያልሆኑ ሪገሮች ብዙ ናቸው።

23. መክፈቻ መሣሪያም ጊዜው ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የተሠራው ሳይፕረስ ዕድሜው 15 ዓመት ከመንፈቅ ነው። ስድስት ወር የቀረው መሣሪያ «አለው» ተብሎ ዋጋ ሊጨመርበት አይገባም።

24. ቀጫጭኖቹ ነጭ ገመዶች ሲሠሩ በሚፈጠረው ፍትጊያና ሙቀት እያጠሩ ይሄዳሉ። ሁሉም እኩል ስለማያጥሩ ክንፉ ይዛባል፤ ሲያርፉ ፍሬኑን ቢስቡም እንደሚገባው አይታዘዝም። «ገመዱ መቼ ተቀየረ? ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተዘለለበት?» የሚል ጥያቄ ከቀለሙ ይቅደም።

25. ነፋስ በጥቂቱ የሚያሳልፈው የቀድሞ ጨርቅ በጥቂት መቶ ዝላይ ይደክማል። ጭራሽ የማያሳልፈው አዲሱ ዓይነት ከሺህ በላይ ይቆያል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

26. እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ክብ መጠባበቂያዎች መረባቸው አሲድ ስለነበረበት ናይለኑን አድክሞታል። ከረጢት ውስጥ ታሽጎ የኖረ ዕቃ ሁሉ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስተምራል።

27. ማሰሪያው በገዢው ልክ መሆን አለበት። ከሰፋ በሚከፈትበት ቅጽበት አካል ይንሸራተታል፤ የአደጋ መክፈቻውም ከእጅ ሊርቅ ይችላል። ከመግዛት በፊት ለብሶ፣ ተንጠልጥሎ፣ መያዣዎቹን ዓይን ጨፍኖ መንካት የተለመደ ፈተና ነው።

28. በሠለጠኑት ዘንድ ገንዘቡ በቀጥታ ለሻጭ አይሰጥም። ገዢና ሻጭ የሚያምኑት ሦስተኛ ወገን ይይዘዋል፤ የገዢው ሪገር ዕቃውን ከፍቶ «ደህና ነው» ሲል ይለቀቃል። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ገበያው እዚያ ላይ ይቁም።

29. ተማሪ ሙሉ ዕቃ አይገዛም፤ የሚሠለጥንበት ቦታ ዕቃ ያቀርብለታል። የመጀመሪያው ግዢ የራስ ቁርና ከፍታ መለኪያ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ፈቃድ 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ በእነዚህ ዝላዮች ውስጥ የተማሪው ልክ ስለሚቀያየር ቸኩሎ የገዛ ሁለት ጊዜ ይገዛል።

30. ካሜራም ይቆይ። ቪዲዮ ለመቅረጽ የሚመከረው ከ200 ዝላይ በኋላ ነው። ገመድ የሚይዝ ነገር ራስ ላይ መጨመርና ሐሳብን መክፈል ለጀማሪ ሁለት አደጋ ነው።

ሲሸጡ

31. ሐቀኛ ሻጭ የሚጽፈው ዝርዝር ይህ ነው፦ የተሠራበት ቀን፣ የዝላይ ብዛት፣ የተጠገነ ቦታ፣ ጨው ውኃ ነክቶት እንደሆነ፣ ገመዱ የተቀየረበት ጊዜና መጠባበቂያው ተከፍቶ አገልግሎ እንደሆነ። የተሸሸገ ጥገና በሪገር ፊት አይሸሸግም።

32. ልምድ ያለው ሻጭ ገዢውን «ስንት ጊዜ ዘለልክ? ክብደትህስ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከፓራሹቱ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ቢቀርብለትም አይሸጥም። ድሬ ላይ ለሚዘል ሰው ከሆነ ደግሞ «ስንት ሰዓት ላይ፣ በስንት ዲግሪ?» የሚለውን ይጨምር። ጥሩ ሽያጭ ማለት ገዢው በደህና አርፎ በሚቀጥለው ዓመት ሰፊውን ፓራሹት ለሌላ ጀማሪ ሲሸጥ ነው።