አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት ፊደል

በቦረና ዞን ዋና ከተማ በያቤሎ አንድ ተማሪ የነዋሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሊሠራ ተነሣ እንበል። ቅጹ ለስም ሁለት የጽሑፍ ሳጥኖች አሉት። ኦሮምኛው እ.ኤ.አ. በ1991 በይፋ በተመረጠው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይሞላል፤ አማርኛው በግእዝ። የቁልፍ ሰሌዳው ግን አንድ ነው። ስሙ በተሳሳተ ፊደል የገባ ሰው በኋላ ሲፈለግ ከመዝገቡ አይገኝም።

ለመሆኑ ግእዙ ከላቲን ቁልፎች እንዴት ይወጣል? እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለአብዛኞቹ የፊደል ቤተሰቦች ስምንት ስምንት ተከታታይ ቁጥሮችን መድቧል። «በ» 4704፣ ሳድሱ «ብ» 4709፣ «ቦ» 4710 ነው። «ቦሩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የላቲኑን «ቢ» ሲጫን «ብ» ይታያል። ቀጥሎ «ኦ»ን ሲጫን ፕሮግራሙ 4709ን ለ8 አካፍሎ ቀሪውን 5 ይቀንሳል፤ በ4704 ላይ 6 ደምሮ «ብ»ን በ«ቦ» ይተካል። ይህን የሚፈጽመው ቁልፍ በተነካ ቁጥር የሚጠራው የክስተት አስተናጋጅ ነው።

አስተናጋጁ የት ይቀመጥ? ጀማሪ ፕሮግራመር «የአማርኛ ሳጥን» የሚባል አዲስ ኮምፖነንት ይፈጥራል። ነገ የፍለጋ ሳጥን፣ ከነገ ወዲያ ባለ ብዙ መስመር ሳጥን ሲያስፈልግ ኮዱ ይገለበጣል፤ እርማቱም ሦስት ቦታ ይሆናል። ዲክላሬቲቭ በሚባለው ስልት ግን ፕሮግራመሩ ገጹ ምን እንደሚመስል ይገልጻል እንጂ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አያዝዝም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደብልዩ ፒ ኤፍ፣ ሳጥኑ ሳይነካ፣ በመግለጫው ላይ «ግእዝ» የምትባል አንዲት ባሕርይ መጨመር ይቻላል። «አዎን» ስትባል አስተናጋጁን ከሳጥኑ ክስተት ጋር ታያይዛለች፤ «አይደለም» ስትባል ታላቅቀዋለች። የኦሮምኛው ሳጥን ባሕርይዋን ስለማይሸከም ቁቤው እንዳለ ይቀራል። በኋላ በመጡት አንጉላርና ቪው ተመሳሳዩ ዘዴ «ዳይሬክቲቭ» ይባላል።

ማላቀቁን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ዘንግቶት ያውቃል። ሁለት ጊዜ የተያያዘ አስተናጋጅ በአንድ ንክኪ «ብብ» ይጽፋል።

በእጅ ስልክ ደግሞ የቁልፍ ክስተቱ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብዙውን ጊዜ አይናገርም፤ ስለዚህ መደመጥ ያለበት የጽሑፉ መለወጥ ነው። ተጠቃሚው የስልኩን የአማርኛ ሰሌዳ ከከፈተ የሚደርሰው ፊደል አስቀድሞ ግእዝ ስለሆነ አስተናጋጁ ሳይነካው ሊያሳልፈው ይገባል።