በዋይፋይ የሚደረግ የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ፤ አሠራሩና በትምህርት ቤት የሚሰጥበት መንገድ

መግቢያ

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያደገ ሰው ሁሉ ከሸለቆ ማዶ ለማዶ መጣራትን ያውቃል። ከብት የጠፋበት፣ ለደቦ የሚጠራ ወይም መርዶ የሚያረዳ ሰው ከአንዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ድምፁን ይለቃል። ርቀቱ ሲበዛና ነፋሱ ሲበረታ ቃሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህም በመካከል ያለው ሰው የሰማውን ተቀብሎ በራሱ ትኩስ ድምፅ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። በዚህ ዓይነት መልእክቱ ጉልበቱን ሳያጣ ከመንደር መንደር ይደርሳል።

ዛሬ በደባርቅና በዳባት ከተሞች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች፣ ይህን ተግባር በአብዛኛው የእጅ ስልክ ተረክቦታል። በተለይም ልጆቻቸው ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሄዱባቸው ወላጆች ዋይፋይ ካለበት ቦታ ተቀምጠው በዋትሳፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ይነጋገራሉ። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው መሣሪያውን ከመንካት አልፎ አሠራሩን ባለመረዳቱ የሚደርስበት ችግር ቀላል አይደለም። ለዚህ አንድ ምሳሌ ማቅረብ ይበቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በማስተማር ልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ መምህራንን ለመጎብኘት ወደ ዳባት አካባቢ በሄደበት ጊዜ አንዲት ዕጩ መምህርት አዝና አገኛት። ምክንያቱን ቢጠይቃት፣ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወጥታ ከአንድ ሻይ ቤት በዋይፋይ ውጭ አገር ያለችውን ታላቅ እኅቷን እንዳነጋገረች ነገረችው። የእኅቷ ድምፅ ይንቀጠቀጥና ይቆራረጥ ነበር፤ ከዚያም ጥሪው ተቋረጠ። ዕጩ መምህርቷ በስልኳ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ መሆኑን ስላየች ጥፋቱ የመስመሩ ነው ብላ አልጠረጠረችም። እኅቷ ታማ ወይም እያለቀሰች እንደሆነ ደመደመች፤ ይህንኑም ለእናቷ ነገረች። እናቲቱ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። በሦስተኛው ቀን በመደበኛ ስልክ ሲደወል ልጅቱ ደኅና ነበረች። ዕጩ መምህርቷ የምታስተምረው የሳይንስ ትምህርት መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ከቤተሰብ ጭንቀት አውጥቶ የሥርዓተ ትምህርት ጥያቄ ያደርገዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዋይፋይ የሚደረግ የስልክ ጥሪ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚበላሽና መምህሩ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊያስረዳው እንደሚችል ማብራራት ነው።

1. አጭር ታሪካዊ ዳራ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት መነሻ ተብሎ የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር 1894 ነው። የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ የእጅ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም ሁለተኛው ድርጅት ሆኖ ሥራውን እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ አገልግሎቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ የተያዘ ነበር።

በኢንተርኔት መደወልን በሚመለከት ሕጉ ራሱ የሄደበትን መንገድ ማወቅ ያሻል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ ግንኙነት ማድረግንም ሆነ አገልግሎቱን መስጠትን ከልክሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ሰው በእስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ ይዞ ወጣ። በዚያን ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ ሥጋት በመፈጠሩ፣ የመንግሥት ባለሥልጣኖች የሕጉ ዓላማ እንደ ስካይፕ ባሉ ፕሮግራሞች ለግሉ የሚነጋገረውን ሰው ለመቅጣት እንዳልሆነ ገልጸዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፈተ። በዕድሜ የገፉ አንዳንድ መምህራን እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ በጥንቃቄ ዝቅ ብለው የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

2. ድምፅ እንዴት ወደ ቁጥር ይለወጣል?

በአፋፍ ላይ የሚጣራ ሰው ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። የስልኩ ማይክሮፎን ይህን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ከዚያም መሣሪያው የኤሌክትሪኩን መጠን በእያንዳንዱ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። በስልክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው ደንብ መሠረት ልኬቱ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይደረጋል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። ስለዚህ የአንድ ሴኮንድ ንግግር 64,000 ቢት ወይም 8,000 ባይት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ቁጥር በአንድ ጊዜ አይላክም። ሃምሳ ቦታ ተከፍሎ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ አንድ እሽግ ይላካል። በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ 160 ባይት ድምፅ ይኖራል። በላዩም የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻና ተራ ቁጥሩ ይጻፉበታል፤ ይህም 40 ባይት ያህል ይወስዳል። እሽጎቹ እንደ ቅብብሎሹ ድምፅ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየታደሱ ያልፋሉ። በመካከል ያለው ጣቢያ የሚያስተላልፈው ቁጥርን ስለሆነ ድምፁ በርቀት ምክንያት አይደበዝዝም። አደጋው ሌላ ነው፤ እሽጉ ሊዘገይ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል እህል በ50 አህዮች ጭኖ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ላከ እንበል። አህዮቹ በአንድነት ቢነሡም እኩል አይደርሱም፤ አንዳንዱ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ይዘገያል፣ አንዱም በመንገድ ሊቀር ይችላል። ተቀባዩ ብልህ ከሆነ የመጀመሪያው አህያ እንደ ደረሰ መስፈር አይጀምርም፤ ጥቂት ቆይቶ፣ የደረሱትን በተራ ቁጥራቸው አሰልፎ ይሰፍራል። ስልኩም እንዲሁ እሽጎቹን ለቅጽበት አጠራቅሞ በተራ ያሰማል። ከዚያ በላይ የዘገየውን እሽግ ግን አይጠብቅም፤ እንደ ጠፋ ቆጥሮት ያልፋል።

የዕጩ መምህርቷ ችግር የሚፈታው በዚህ ላይ ነው። ስልኩ የጠፋውን እሽግ ቦታ ባዶ ላለመተው ሲል ቀደም ብሎ የደረሰውን ድምፅ ደግሞ ወይም ጎትቶ ይሞላበታል። የጠፉት እሽጎች ጥቂት ከሆኑ ጆሮ አያስተውለውም። ሲበዙ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎተታል፣ የብረት ቃና ይይዛል። ስለሆነም የተሰማው መንቀጥቀጥ የእኅቷ ጉሮሮ ሳይሆን የስልኩ ጥገና ውጤት ነበር።

3. የዋይፋይ ምልክት የሚናገረውና የማይናገረው

ዋይፋይ በስልኩና በቤት ውስጥ ባለው የዋይፋይ ሣጥን መካከል ያለ አጭር የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ጥሪው ግን ቢያንስ በአምስት ክፍሎች ያልፋል፤

ሀ/ ከስልኩ እስከ ዋይፋዩ ሣጥን፤
ለ/ ከሣጥኑ እስከ ከተማው የቴሌኮም ጣቢያ፤
ሐ/ ከጣቢያው በአዲስ አበባ በኩል፣ በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን በሚያልፉት የፋይበር መስመሮች ወደ ውጭ፤
መ/ በፕሮግራሙ ባለቤት ኮምፒዩተሮች በኩል፤
ሠ/ በተደወለለት ሰው አገር ካለው መስመር እስከ እርሱ ስልክ።

በስልኩ ግንባር ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚለካው «ሀ» የተባለውን ክፍል ብቻ ነው። ሣጥኑ ከተማውን ከዓለም የሚያገናኘው መስመር ቢበጠስ እንኳ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል። በሻይ ቤቱ አሥር ሰዎች በአንድ ሣጥን ሲጠቀሙና ከእነርሱም አንዱ ፊልም ሲያወርድ የሌሎቹ እሽጎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ያን ጊዜም ምልክቱ ሙሉ ነው።

ምልክቱ በእርግጥ ሲቀንስ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ይመልሱታል። ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሆነው ግድግዳን አልፎ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ባለ 5 ጊጋ ኸርዝ የሆነው ፈጣን ቢሆንም ቶሎ ይደክማል። ሣጥኑ ከፍ ካለ ቦታ ቢቀመጥና ተናጋሪው ከግድግዳ ይልቅ በተከፈተ በር በኩል ቢያየው ለውጡ ወዲያውኑ ይሰማል።

4. የጥሪው ወጪና መዘግየት

ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት የሚችሉት ሒሳብ እነሆ። የአንዱ እሽግ መጠን ከነአድራሻው 200 ባይት ነው። በሴኮንድ 50 እሽግ ሲላክ 10,000 ባይት፣ በደቂቃ ደግሞ 600,000 ባይት ይሆናል። ሁለቱም ወገኖች ስለሚልኩና ስለሚቀበሉ የአንድ ደቂቃ ንግግር 1.2 ሜጋ ባይት ያህል፣ የ10 ደቂቃ ንግግርም 12 ሜጋ ባይት ያህል ይፈጃል። እንደ ኦፐስ ያለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ደንብ ሆኖ የወጣው የድምፅ ማመቂያ ዘዴ በሴኮንድ 24,000 ቢት ቢጠቀም፣ በእያንዳንዱ እሽግ የሚኖረው ድምፅ 60 ባይት ብቻ ስለሚሆን ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። አድራሻው ግን ያው 40 ባይት ነው። የምስል ጥሪ ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚፈጅም ማስገንዘብ ይገባል።

መዘግየትን በሚመለከት፣ ድምፅ ከተናጋሪው እስከ ሰሚው ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ቢደርስ ንግግሩ እንደማይሰናከል የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ ያመለክታል። ከዚያ ሲበልጥ ሁለቱ ሰዎች እየተሻሙ ይናገራሉ፤ አንዱም ሌላው ያቋረጠው እየመሰለው ይቀየማል። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ሳተላይት የሚያልፍ ጥሪ በመውጣትና በመውረድ ብቻ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል።

5. ዋይፋይን የማንተማመንበት ጊዜ

በፕሮግራሞች የሚደረግ ጥሪ መደበኛውን ስልክ አይተካም። የፖሊስን 991 ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 የመሳሰሉትን አጫጭር ቁጥሮች እነዚህ ፕሮግራሞች አይደውሉም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የስልኩ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም የዋይፋዩ ሣጥን አብሮ ይጠፋል። ከዚህም በላይ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ቤተሰቦች ያለ አማራጭ ቀርተው ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚነጋገር ቤተሰብ የልጁን መደበኛ የስልክ ቁጥር በደብተር ጽፎ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ተቀባዩ ያለበት አገር ሕግም ይታሰብ። በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች የዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ ታግዶ ሲኖር፣ ሳውዲ ዐረቢያ ደንቡን ለሚያሟሉ ፕሮግራሞች ክልከላዋን ያነሣችው በአውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 2017 ነው። ስለዚህ ጥሪው አልገባም ማለት ልጅቱ አላነሣችም ማለት ላይሆን ይችላል።

በመጨረሻም በመልእክት የሚመጣ ባለ ስድስት አኀዝ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንዳይሰጥ በጥብቅ መነገር አለበት፤ ቁጥሩን ያገኘ ሰው በባለቤቱ ስም እየጻፈ ከዘመድ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል።

6. ለክፍል ውስጥ ሥራ የቀረቡ ሁለት ልምምዶች

የመጀመሪያው ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም። መምህሩ አሥር ቃላት ያሉትን ዓረፍተ ነገር በአሥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ከነተራ ቁጥሩ ይጽፋል። አሥር ተማሪዎች በተለያየ መንገድ ሜዳውን ዞረው ለተቀባዩ እንዲያደርሱ ያደርጋል። ሁለቱ እንዲዘገዩ አስቀድሞ በምስጢር ይነገራቸዋል። ተቀባዩ እስከ ሃያ ቆጥሮ የደረሰውን ብቻ ያነባል። በቀረው ክፍተት ምን ቃል እንደሚገባ ክፍሉ ይገምታል፤ ግምቱ ስሕተት ሲሆንም ምክንያቱ ይብራራል።

ሁለተኛው ሁለት ስልክ ላለበት ትምህርት ቤት ይሆናል። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው «አንድ»፣ «ሁለት» እየተባባሉ በመፈራረቅ እስከ 20 ይቆጥራሉ፤ ጊዜው ይያዛል። ከዚያ ተራርቀው በዋይፋይ ጥሪ ይደግሙታል። ለምሳሌ መጀመሪያ 20 ሴኮንድ፣ በኋላ 28 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ልዩነቱ 8 ሴኮንድ ለ20 ሲካፈል አንድ ቃል ለመድረስ 0.4 ሴኮንድ ያህል ዘግይቷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ተማሪው ያለ ውድ መሣሪያ ከ150 ሚሊ ሴኮንዱ መመሪያ ጋር ያነጻጽራል።

ማጠቃለያ

ስካይፕ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ተጀምሮ በግንቦት 2025 ተዘግቷል። ዛሬ በተማሪው እጅ ያለው ፕሮግራምም ነገ በሌላ መተካቱ አይቀርም። ስለሆነም ትምህርቱ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን በማሳየት ላይ ሳይሆን ድምፅ እንዴት ቁጥር፣ ቁጥር እንዴት እሽግ፣ እሽግም እንዴት መልሶ ድምፅ እንደሚሆን በማስረዳት ላይ ቢመሠረት ይበልጥ ይጠቅማል። ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለዜግነት ትምህርት በአንድነት የሚያገለግል ርእስ በመሆኑም በዕጩ መምህራን ሥልጠና ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ከላይ የተጠቀሰችው ዕጩ መምህርት የመጀመሪያውን ልምምድ በሰባተኛ ክፍል ሞክራዋለች። ከትምህርቱ በኋላ ወደ ቤቷ ስትሄድ ወረቀቶቹን ይዛ ሄደች፤ ለእናቷም በምድጃው አጠገብ አሰልፋ አሳየቻቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እናቲቱ የልጃቸው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ዘግተው እንደገና እንዲደወል ያዝዛሉ።