የባቡሩን የኋላ በር ማን ያይለታል?

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በቅርቡ እኔ በተሳፈርኩበት ቀን ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋና «ዴሚ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩም ማርሽ አስገባ። መኪናው ገና ንቅንቅ ሲል ግን ረዳቱ ጣራውን በመዳፉ ይደበድበው ጀመር፤ «ቁም! ቁም!»። ለካ አሁን የወረዱት እናት የነጠላቸው ጫፍ በሩ ውስጥ ቀርቷል። በሩ ተከፈተ፣ ነጠላው ወጣ፣ እናትየዋም ረዳቱን መርቀውት መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሹፌሩ ምንም አላየም። ከተቀመጠበት ሆኖ ማየትም አይችልም ነበር።

እኔ ግን ጎባ እስክንደርስ አንድ ነገር ሳስብ ቆየሁ። አንድ በር ያለው ሚኒባስ ረዳት ካስፈለገው፣ በርካታ በሮች ያሉት ረጅም ባቡርስ? ሹፌሩ ያለው ከፊት ጋቢና ውስጥ ነው። የመጨረሻውን በር ማን ያይለታል?

ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፦ ሰው ነዋ! ባቡሩ ላይ በር የሚጠብቅ ሠራተኛ ይኖርና ሁሉም መሳፈሩን አይቶ ምልክት ይሰጣል። በቃ፣ የባቡር ረዳት በሉት። እያደር ግን ብዙ ከተሞች ባቡርን በአንድ ሰው ብቻ ማስኬድ ጀመሩ። የለንደኑ ቪክቶሪያ መስመር ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲከፈት ጀምሮ በአንድ ሰው የሚሠራ ነው። በእንዲህ ዓይነት መስመሮች የረዳቱን ዓይን ለመተካት ፕላትፎርሙ ጫፍ ላይ መስታወት፣ ቀጥሎም ስክሪን ተተከለ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ባቡሩ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ሹፌሩ መስታወቱንም ስክሪኑንም አልፏቸው ይሄዳል። አደጋ የሚከፋው ደግሞ ልክ በዚያች ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ምስሉ ራሱ ጋቢናው ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ የፕላትፎርሙ ካሜራዎች የሚያዩትን በሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ ይልኩለታል። ሹፌሩ ፊቱ ባለው ስክሪን ላይ በሮቹን በሙሉ ከፋፍሎ ያያል። በር ይዘጋል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ይነሳል። ምስሉም ባቡሩ እየተንቀሳቀሰ ጭምር አብሮት ይቆያል። የለንደንና የጃፓን አንዳንድ የከተማ ባቡሮች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

«ታዲያ ይሄ ቪዲዮ ኮል አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ነው ማለት ይቻላል። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ሮቤ ላሉት እናታችሁ ቪዲዮ ኮል ስትደውሉ አስቡት። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ድንገት ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። እማዬ አፋቸውን እንደከፈቱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ትስቃላችሁ፣ ስክሪን ሾት ታነሳላችሁ፣ መልሳችሁ ትደውላላችሁ። የባቡር ጋቢና ውስጥ ግን የደረቀ ምስል አያስቅም። ስክሪኑ ላይ ባዶ ፕላትፎርም ይታያል፤ ያ ምስል ግን የአሁን ሳይሆን ከ3 ሰከንድ በፊት የነበረው ነው። በእነዚያ 3 ሰከንዶች ውስጥ አንድ ልጅ እግሩን በሩ ላይ አስገብቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ሰከንድ ትንሽ ነው ካላችሁ እናስላው። የከተማ ባቡር ሲነሳ በእያንዳንዱ ሰከንድ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር ይጨምራል እንበል። በመጀመሪያው ሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። 3 ሰከንድ ሲሞላው 4 ሜትር ተኩል ተጉዟል። ልብሱ በር ላይ ለተያዘ ሰው 4 ሜትር ተኩል መጎተት ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቲክቶክ ላይቭ ላይ የጻፋችሁት ኮሜንት ተነቦ መልሱ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቁ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሲስተም ሲሠራ ትልቁ ጥያቄ የምስሉ ጥራት የማይሆነው። ትልቁ ጥያቄ «ሲበላሽ እንዴት ይበላሻል?» የሚለው ነው። ደህና የታሰበበት ሲስተም ግንኙነቱ ሲቋረጥ የድሮውን ምስል ይዞ አይቆይም፤ ስክሪኑን ያጠፋዋል። ጥቁር ስክሪን ያየ ሹፌር እንደማያይ ያውቃል፤ ቆሞ ሌላ ሰው አይቶ እንዲነግረው ይጠይቃል። የደረቀ ምስል ያየ ሹፌር ግን የሚያይ ይመስለዋል። ከማያይ ሹፌር ይልቅ አያለሁ ብሎ የተሳሳተ ሹፌር ያስፈራል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መስመሩን መለየት ነው። መስቀል አደባባይ በበዓል ቀን ሰው ሲሞላ ስልካችሁ ፎቶ መላክ ሲያቅተው አይታችኋል። የሹፌሩ ዓይን ከእኛ ስልክ ጋር ተሻምቶ ማየት የለበትም። ስለዚህ ለብቻው የተለየ ሞገድ ይሰጠዋል። ጃፓን ውስጥ አጭር ርቀት ብቻ የሚጓዝ፣ ሚሊሜትር ዌቭ የሚባል ሞገድ ለዚህ የሚጠቀሙ መስመሮች አሉ።

ይሄ ሁሉ ተሟልቶም ካሜራ ሁሉን አያይም። መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም ለንደን ውስጥ ክላፓም ሳውዝ በተባለ ጣቢያ የአንዲት ተሳፋሪ ኮት በሚዘጋ በር ተያዘ። የበሩ መቆጣጠሪያ ስስ ጨርቁን አልለየውም። ለሹፌሩም አልታየውም። ባቡሩ ተነሳ፤ ሴትየዋ ተጎትታ በፕላትፎርሙና በባቡሩ መካከል ወደቀች። ቆስላ ተረፈች። የጎባዋ እናት ነጠላና የለንደኗ ኮት አንድ ታሪክ ናቸው። ልዩነቱ ጣራ የሚደበድብ ረዳት መኖሩ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር ተብሎ ነበር የተነሳው። ባለፉት ዓመታት በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመዋል። ባቡር ሲያንስ ወረፋው ይረዝማል፤ ወረፋው ሲረዝም በሩ ላይ ያለው ግፊያ ይብሳል። ስለዚህ ካሜራም ሆነ ስክሪን ሲታሰብ አብሮ መጠየቅ ያለበት ሌንሱን ማን ይወለውላል፣ የተበላሸውን ማን ይጠግናል፣ ዕቃውስ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ጥገና የሌለው ካሜራ ከጊዜ በኋላ ያው የደረቀ ምስል ነው።

ባሌ ገና ባቡር የለም። ግን የአገሪቱ የባቡር መስመሮች ሲታቀዱ ከአዳማ ተነስቶ ጋሠራ የሚደርስ መስመር ተስሎ ነበር። ጋሠራ ደግሞ ለሮቤ ጎረቤት ናት። አንድ ቀን ከመጣ ቴክኖሎጂውን ከማድነቃችን በፊት «ስክሪኑ ሲበላሽ ይጠፋል ወይስ ይደርቃል?» ብለን እንጠይቅ።

እስከዚያው አዲስ አበባ ባቡር የምትሳፈሩ፣ በር ሲዘጋ ሮጣችሁ አትግቡ። የቦርሳ ማንጠልጠያችሁንና የነጠላችሁን ጫፍ ሰብሰብ አድርጉ። ወርዳችሁም ከሆነ ስልካችሁን ከማየታችሁ በፊት ከበሩ ሁለት እርምጃ ራቁ። ሹፌሩ እናንተን እያየ መሆኑን እርግጠኛ መሆን አትችሉም።