የጀሶ ግድግዳ ስንሠራ

ጀሶ ሲባል ከብዙዎቻችን አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው የተሰበረ እግር የሚታሰርበት ነጭ ነገር ነው። ተማሪና አስተማሪ ደግሞ ጠመኔን ቢያስታውሱ አያስደንቅም፤ ብዙው የትምህርት ቤት ጠመኔ የሚሠራው ከዚሁ ከጀሶ ነውና። በአሁኑ ጊዜ ግን የአዲስ አበባ ሰው «ጂፕሰም» ብሎ ሲናገር የሚያስበው ኮርኒሱንና ክፍል ከክፍል የሚለየውን ነጭ ሰሌዳ ነው። እኛ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዳችን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላችን አስተማሪ የሆንን፣ በአባታችን ቤት ውስጥ አንድ የጀሶ ግድግዳ በገዛ እጃችን ለማቆም ተነሥተን የቀመስነውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል እንወዳለን። ትምህርቱ ርካሽ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው እናታችን የዓይን ሞራ ይዟቸው ለሕክምና ከገጠር በመጡ ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናው ለሐምሌ 12 ቀን ተቀጠረ፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ አቧራና ጭስ እንዳይደርስባቸው አጥብቆ አስጠነቀቀን። ቤታችን በየሰፈሩ እንደሚታዩት አሮጌ ቤቶች በዕንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ለእናታችን የሚሆን መኝታ ስላልነበረው ሳሎኑን ለሁለት የሚከፍል፣ በር ያለው ግድግዳ ለማቆም ቈረጥን። ደግሞም በስተ ሰሜን በኩል ያለውን፣ ልስኑ የተቦረቦረውንና ጥቁር ጠቃጠቆ ያወጣውን የውጭ ግድግዳ ከውስጥ በኩል በዚያው ሰሌዳ ሸፍነን ለመገላገል አሰብን። ሠራተኞች የጠየቁን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለ ሆነ «እኛስ እጅ የለንም ወይ?» ተባባልን። ዕለቱ ሰኔ 15 ነበር። ክረምት መግባቱን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ጀሶ ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በገደሉ ውስጥ ንብርብሩን ያገኘዋል። ድንጋዩ ደረቅ ቢመስልም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ውሃ ነው። ተፈጭቶ በ150 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሲጋገር ከዚህ ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቅና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውሃ ሲያገኝ የለቀቀውን መልሶ ይጠጣና በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ሐኪሙ እግር የሚያስርበትም፣ ለሳኙ ኮርኒስ የሚያስጌጥበትም ይህንኑ ጠባዩን ይዞ ነው። በፓሪስ ከተማ ሞንማርትር ከሚባለው ኮረብታ በብዛት ይቈፈር ስለ ነበር ፈረንጆች ዱቄቱን በፓሪስ ስም ይጠሩታል። ጀሶንና ወረቀትን አነባብሮ የግድግዳ ሰሌዳ ስለ መሥራት ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተቀበለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህም በአገሩ በእጅ የሚለሰነውን ግድግዳ አብዛኛውን ተካው። እሳት ቢነሣ በጀሶው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን ያዘገየዋል። ወረቀት የለበሰ ነገር እሳትን ይከላከላል ቢባል እኛም መጀመሪያ አላመንንም ነበር።

በሰፈራችን የሚኖር አንድ የጂፕሰም ሠራተኛ ወጣት ሁለት ቅዳሜ እየመጣ ሊያሳየን ተስማማ። በዕድሜ ከታናሻችን ያንሳል። «ጋሼ» እያለ ይጠራናል እንጂ በሥራው ላይ ጋሼው እርሱ ነበር። ገና እንደ ገባ ዐሥሩን ሰሌዳ በግድግዳ ላይ አስደግፈን ማቆማችንን አየና «ጋሼ፣ ይጐብጥባችኋል እኮ፤ ደግሞ ከሥሩ እርጥበት ይጠጣል» ብሎ ዕንጨት ረብርቦ በጀርባው አስተኛው። አንዱ ሰሌዳ 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ኪሎ ግድም ነው፤ ለብቻ ያነሡት እንደ ሆነ ወገብ ይፈትናል።

ቋሚዎቹን ሞራሌዎች በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት አቆምን። ቱንቢ ስንጥል አሮጌው ቤት አንድም ቀጥ ያለ ነገር እንደሌለው ተገለጠልን፤ ወለሉ ብቻውን ከዳር እስከ ዳር 3 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል። ይህን ያህል ዘመን ስንኖርበት አንድ ቀን እንኳ አላወቅነውም። ሰሌዳውን ለመቍረጥ እኛ መጋዝ ይዘን ቀረብን። ልጁ ግን የፊቱን ወረቀት ብቻ በስለት ሰነጠቀና ከኋላው በጉልበቱ ገፋ ቢያደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ከዚያ የጀርባውን ወረቀት ቈርጦ ጨረሰ። ከወለሉም 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አስቀመጠው፤ ወለል ሲታጠብ ውሃው ወደ ጀሶው እንዳይወጣ ነው። ቪቴ ሲመታ ራሱ ከወረቀቱ ገጽ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት፤ ወረቀቱን ግን መቅደድ የለበትም። ወረቀቱ ከተቀደደ ሰሌዳውን የያዘው ደቃቁ ጀሶ ብቻ ይሆናልና አይጸናም። ይህ ለመናገር ቀላል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ቪቴዎች ዐሥራ አንዱን ነቅለን ከጎናቸው እንደገና መታን።

በሩ ዘንድ ስንደርስ ክርክር ተነሣ። ሁለተኛው ሰሌዳ የሚያልቀው ልክ በበሩ መቃን መስመር ላይ ነበር። ልጁ «መጋጠሚያው በበሩ ማዕዘን ላይ አይሁን፤ ሰሌዳው አልፎ ወደ በሩ መካከል ይድረስና ማዕዘኑ ከሙሉው ላይ ተቈርጦ ይውጣ» አለን። በር በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ኀይሉ የሚያርፈው በማዕዘኑ ላይ ስለ ሆነ ነው። እኛ ደግሞ ሒሳብ ሠርተን፣ በዚህ መንገድ ግማሽ ሰሌዳ ያህል ወዳቂ ይሆናል ብለን እምቢ አልን። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ዝም አለ። እንደዚህ ያለው «እሺ» ምን ማለት እንደ ሆነ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ባላጣው ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ የሰሜኑን ግድግዳ ልንሸፍን ስንዘጋጅ እናታችን ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ መጡ። እናታችን በአገራቸው ቤታቸውን በየዓመቱ ጭቃና ጭድ አቡክተው መርገው፣ በእበት ለስነው የኖሩ ናቸው። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍታ ላይ እጃቸው ቆመ።

«ይህ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል። ምን ልታደርጉት ነው?» ብለው ጠየቁን።

«በጂፕሰም እንሸፍነዋለን እማዬ፤ ያምራል» አልናቸው።

«የታመመ ሰው ነጠላ ስላለበሳችሁት ይድናል?»

ካቻቪቴውን ይዘን ወጋ ብናደርገው እስከ እጀታው ገባ። ጭቃውን ስንፈነቅል ሁለት ቋሚዎች ከሥራቸው በስብሰው፣ ማገሩን ደግሞ ምስጥ በልቶት አገኘን። ወደ ውጭ ወጥተን ስናይ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በየጊዜው ግቢው ላይ የተደፋው አፈርና ኮረት ከግድግዳው ሥር በላይ ከፍ ብሏል፤ ጣሪያውም አሸንዳ ስለሌለው የዝናቡ ውሃ ሁሉ እዚያው እግሩ ላይ ይወርዳል። ሰሌዳውን ብንለጥፍበት ኖሮ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከወረቀቱ ጀርባ ሻጋታ ያበቅል ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥም ዓይናቸው የታከመላቸው እናታችን ሊተኙ ነበር።

የዚያን ዕለት ሌላውን ሥራ ትተን አፈሩን ከግድግዳው ሥር ጠርገን ቦይ ቈፈርን፤ በማግሥቱም አሸንዳ ሰቀልን። የበሰበሱትን ቋሚዎች በድጋፍ ያዝናቸው እንጂ አልነካናቸውም፤ በሐምሌ የተመረገ ጭቃ ቶሎ አይደርቅምና። ለእናታችን በደረቁ በኩል ያለውን ክፍል ሰጥተን እኛ ሁለታችን በእርጥቡ ግድግዳ በኩል ለመተኛት ወሰንን። አራቱ ሰሌዳዎችም ሳይሠራባቸው ቀሩ።

አሁን የቀረው መጋጠሚያውን መሙላት ነበር። ሰሌዳ ማቆም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ግድግዳውን ግድግዳ የሚያሰኘው ግን ይህ ነው። የሰሌዳው ረጃጅም ዳሮች ስስ ተደርገው ስለሚሠሩ ሁለቱ ሲገጥሙ ጥልቀት የሌለው ሸለቆ ይተዋሉ። በሸለቆው ላይ ስቱኮ ይቀባል፤ በእርሱ ላይ የወረቀት ጥብጣብ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ እንደገና ሲደርቅ ሦስተኛ ጊዜ ይቀባል። እያንዳንዱም ከፊተኛው ሰፋ፣ ግን ሳሳ ያለ መሆን አለበት። ዱቄቱ በውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። እኛ «እንዳያንሰን» ብለን ግማሽ ባልዲ አቦካን፤ ሩቡን እንኳ ሳንቀባ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ባልዲውን በደንብ ሳናጥብ ሌላ ብናቦካ ጭራሹን ፈጥኖ ጠጠረብን፤ ለካስ የደረቀው ቅሪት አዲሱን ያፋጥነዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን መጠበቁ ነበር። በበጋ በአንድ ቀን የሚደርቀው በዚያ ዝናብ ሁለት ቀንም አልበቃው። ልጁ እየመጣ በጣቱ ነካ ያደርግና «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከመካከላችን ባለጉዳይን «ነገ ይመለሱ» እያለ የሚያሰናብተው ጸሐፊ ይህን ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው እጅግ ከበደው። በሐምሌ 5 ማታ ቀጠሮው ስለ ቀረበ ብሎ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ቀባበት። በነጋው ጥብጣቡ አረፋ አውጥቶ፣ መስመሩ ጐድጕዶ አገኘነው። ፍቀን ከመነሻው ጀመርን፤ ሁለት ቀን ጠፋ።

ሐምሌ 9 ማታ አምፖሉን ከግድግዳው ጎን አስጠግተን አበራን። ብርሃን ከፊት ሲመጣ የማይታየው ጕብታ ሁሉ ከጎን ሲመጣ ጥላ ይጥላል። በእርሳስ እያከበብን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። በመጨረሻ ግድግዳው የጠራ መሰለንና እናታችንን ጠራናቸው። እርሳቸው ብርሃኑንም በደንብ አያዩት፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ሄዱና በሁለተኛው መጋጠሚያ ላይ ቆሙ። «እዚህ ላይ ጀርባ አለው» አሉ። አምፖሉን ብናጠጋ ምንም አይታይም፤ ቀጥ ያለ ጣውላ ብናጋድምበት ግን ከዳሩ ብርሃን ሾለከ።

በማግሥቱ እናታችን ጎረቤት ዘንድ ዋሉ፤ እዚያም አደሩ። እኛ አፍንጫና አፋችንን በጨርቅ አስረን ፈግፍገን ጨረስን። የጀሶ አቧራ እንደ ላመ ዱቄት ነው፤ ከተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንኳ ይገባል። በደረቅ መጥረጊያ ቢጠርጉት ተነሥቶ ተመልሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ኮርኒሱን፣ ዕቃውንና ወለሉን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አበስን። እናታችን ሐምሌ 12 ታክመው፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሲመለሱ ቀለሙ ገና አልተቀባም ነበር፤ አቧራ ግን አልነበረም።

በጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ የሰሜኑን ግድግዳ ቋሚዎች ለወጥን። ጭቃውን ያስቦኩን እናታችን ናቸው፤ ጭዱ አነሰ፣ ውሃው በዛ እያሉ ቆመው አዘዙን። በዚያው ሰሞን ከበሩ በላይ፣ ልክ በማዕዘኑ ላይ፣ ፀጕር የምታህል ስንጥቅ ታየች። መጀመሪያ ያዩዋትም እናታችን ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን በመዳፋቸው አልነበረም። ልጁን ጠራነው። ስንጥቋን አይቶ አልሳቀም፤ «በጥብጣብ ብትሸፍኑት ተመልሶ ይመጣል፤ ሰሌዳው ይውጣና እንደዚያ ቀን እንዳልኳችሁ ይሁን» አለን።

ከቀሩት አራት ሰሌዳዎች ሁለቱን ጎረቤታችን ለኮርኒስ ገዝቶን ነበር። አንዱ በክረምቱ ዳሩ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ተጣለ። አራተኛውን ልጁ በወለሉ ላይ አጋድሞ ለካው፤ የበሩን ማዕዘን ከሙሉው ላይ ቈርጦ አወጣና ከሁለት ወገን ይዘን አነሣነው። ስቱኮውን የቀባን እኛ ነን፤ በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ።