ኮርማ ሲመጣ መሮጥ ያዋጣል?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስታችሁ ወደ ሰመራ እየተጓዛችሁ ነው እንበል። ገዋኔን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ስታመሩ መኪናው ድንገት ይቆማል። ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች አስፋልቱን ሞልተው እየተሻገሩ ነው። ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ ከኋላ ከባድ የጭነት መኪናዎች ይሰለፋሉ። የአፋሩ እረኛ ግን በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ በዝግታ ይራመዳል። አይሮጥም፣ አይጮህም። ከብቶቹም አይሮጡም።

እስኪያልፉ ድረስ ስልካችሁን ታወጣላችሁ። አንድ ቪዲዮ ይመጣል፦ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ቀይ ሻርፕ ያሰሩ ወጣቶች በጠባብ መንገድ ላይ ከኮርማ ፊት ይሮጣሉ። ስፔን ነው። «እኔም አንድ ቀን ሄጄ ብሮጥስ?» የሚል ሐሳብ ቢመጣባችሁ አይገርምም፤ በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ይህን ብለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

ታዲያ እዚያ ብትገኙ ታመልጣላችሁ? መልሱ ያለው እግራችሁ ላይ ሳይሆን የከብቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ ከመኪናው ፊት የሚራመደው እረኛ በደንብ ያውቀዋል።

በመጀመሪያ፦ ሩጫው ምን ይመስላል?

በጣም የታወቀው የኮርማ ሩጫ የሚካሄደው ሰሜን ስፔን ውስጥ በምትገኘው የፓምፕሎና ከተማ፣ በሳን ፌርሚን በዓል ላይ ነው። ከጁላይ 7 እስከ 14 በየቀኑ ጠዋት፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ፣ 6 ኮርማዎች ይለቀቃሉ። መንገዱ 875 ሜትር ገደማ ነው። መድረሻው የኮርማ መፋለሚያ ሜዳው ሲሆን፣ ኮርማዎቹ ማታ እዚያው ይገደላሉ። በዓሉን በዓለም ዘንድ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ልቦለድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1910 ወዲህ በሩጫው 16 ሰዎች ሞተዋል። የሚቆስለውማ በየዓመቱ አለ።

አሁን እናስላ። ኮርማዎቹ መንገዱን በ2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሱታል። 875 ሜትርን ለ150 ሰከንድ ስናካፍል በሰከንድ 5.8 ሜትር ይመጣል፤ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የኛው መሐመድ አማን እ.ኤ.አ. በ2013 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ42.37 ሰከንድ ሲጨርስ በሰከንድ 7.8 ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ባዶ ቢሆን መሐመድ ኮርማዎቹን ይቀድማቸዋል። እኔና እናንተ ግን አንችልም። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ሯጮች ጥቂት አስር ሜትሮች ብቻ ሮጠው ወደ ዳር የሚወጡት።

ከተገጫችሁስ? የእንቅስቃሴ ጉልበትን ለማግኘት የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ እናባዛለን። 500 ኪሎ የሚመዝን ኮርማ በሰከንድ 6 ሜትር ሲሮጥ 9,000 ጁል ጉልበት ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ15 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአምስት ፎቅ ገደማ፣ ወድቆ መሬት ሲነካ የሚኖረው ጉልበት ይህን ያህል ነው። ቀንዱን ገና አልቆጠርንም።

እኛ ጋ፦ ከብት ላይ የሚሮጠው ወጣት

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው የሐመሮች የከብት ዝላይ ነው። ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ በቱርሚና በዲመካ አካባቢ፣ አንድ ወጣት ወደ ጎልማሳነት የሚሸጋገረው ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ነው። የጎረቤቶቻቸው የበናና የበሻዳ ሰዎችም ይህ ሥርዓት አላቸው። ወጣቱ ራቁቱን ሆኖ የመጀመሪያው ከብት ጀርባ ላይ ይዘላል፤ ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው እየረገጠ ይሻገራል፤ ተመልሶም ይደግመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጊዜ። ከዚህ በኋላ ማግባትና የራሱን ቤት መመሥረት ይችላል።

ልብ በሉ፦ በፓምፕሎና ከብቱ ይሮጣል፤ በሐመር ግን ከብቱ ቆሞ ሰው ይሮጣል። እነዚያ ከብቶች እንዴት አይበተኑም? ማዝ የሚባሉት፣ ዝላዩን በቅርቡ ያለፉ ወጣቶች፣ ቀንድና ጭራቸውን ይዘው ያሰልፏቸዋል። ግን የሰው ክንድ ብቻውን ያን ሁሉ ከብት አያቆምም። የሚያግዛቸው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ከብት ግራና ቀኙ ከሌላ ከብት ጋር ተጣብቋል። ይሄ ነገር ወሳኝ ስለሆነ እንመለስበታለን።

ኮርማው ምን ያያል?

«ኮርማ ቀይ ሲያይ ይቆጣል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይደለም። የሰው ዓይን ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሴሎች አሉት፤ የከብት ዓይን ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀይን እኛ እንደምናየው አድርጎ አያየውም። በስፔን ሜዳ ላይ ኮርማውን የሚያስነሳው የጨርቁ መወዛወዝ ነው። ድንገተኛ እንቅስቃሴ ለከብት ትልቅ መልእክት አለው።

የከብት ዓይኖች ያሉት በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ነው። በዚህም ምክንያት ዙሪያውን ከ360 ዲግሪ 330 ያህሉን ያያል። የማያየው በቀጥታ ከኋላው ያለውን ጠባብ ቦታ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ዓይኑ አንድ ላይ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ በጎኑ በኩል ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ በደንብ አይለይም። አስፋልት ላይ የወደቀ ጥላ እንኳ ጉድጓድ መስሎት ሊቆም ይችላል። ጆሮውም ከኛ ይበልጣል፤ እኛ እስከ 20,000 ኸርትዝ ስንሰማ ከብት እስከ 35,000 ኸርትዝ ገደማ ይሰማል። አሁን የሹፌሩን ክላክስ አስቡት።

የሽሽት ክልል

እያንዳንዱ ከብት ዙሪያውን የማይታይ ክበብ አለው። የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪዎች የሽሽት ክልል ይሉታል። ከክበቡ ውጭ ብትቆሙ ዞሮ ያያችኋል እንጂ አይንቀሳቀስም። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ስትገቡ ይሄዳል። በጣም ጠልቃችሁ ከገባችሁ ይበረግጋል፤ መውጫ ካጣ ደግሞ ወደ እናንተ ይዞራል። ክበቡ ለሁሉም እኩል አይደለም። ሰው ለለመደች የቤት ላም ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ላልለመደ ከብት ብዙ ሜትር ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚዛን ነጥብ ነው፤ ያለው ትከሻው ላይ ነው። ከትከሻው ኋላ ሆናችሁ ከቀረባችሁ ከብቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ፊት ከሆናችሁ ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይላል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ቴምፕል ግራንዲን ይህን እውቀት በመጻፍና በማስተማር ትታወቃለች። እረኛው ግን ያለ መጽሐፍ ይሠራበታል። መንጋው ሲሻገር የት እንደሚቆም ተመልከቱት፦ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ በጎን፣ ሁልጊዜ ከክበቡ ጠርዝ ላይ። ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ወደ ውጭ። መንጋውን የሚነዳው በዱላ ሳይሆን በቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን አያስሮጣቸውም? አንዱ ምክንያት ሙቀት ነው። ሰመራ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር በሚሆን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ በሞቃቱ ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጡንቻ ሲሠራ ከሚጠቀመው ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ይቀየራል። የሮጠ ከብት ያንን ሙቀት ለማስወገድ ውሃ ያጣል። ውሃ በሚያጥርበት አገር ከብትን በከንቱ ማስሮጥ ሀብትን እንደማፍሰስ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ብቻውን የቀረው

ወደዚያ ወሳኝ ነገር እንመለስ። ከብት የመንጋ እንስሳ ነው። የጥንት ዘመዶቹ ከአዳኝ የሚድኑት አብረው በመሆን ነበር፤ ብቻውን የቀረ ይበላል። ዛሬም ከመንጋው የተነጠለ ከብት ልቡ ይመታል፣ ይቅበዘበዛል፣ የመጣበትን ሁሉ ሊወጋ ይችላል።

ፓምፕሎናዎችም ይህን ያውቃሉ። ከኮርማዎቹ ጋር መንገዱን የለመዱ የተኮላሹ በሬዎች የሚለቁት፣ ኮርማዎቹ እነሱን ተከትለው አንድ ላይ እንዲሮጡ ነው። ሩጫው አደገኛነቱ የሚብሰው አንድ ኮርማ ተንሸራቶ ወድቆ ሲነሳና ጓደኞቹን ሲያጣቸው ነው። ያኔ መሮጡን ትቶ ወደ ሰው ይዞራል። የሐመር ከብቶች ሰው በጀርባቸው ላይ ሲያልፍ ችለው የሚቆሙትም፣ የሚሌ መንገድ ከብቶች በከባድ መኪና መሐል ተረጋግተው የሚሻገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ጎረቤታቸው አጠገባቸው አለ።

ሌላው አደጋ፦ ሰው ራሱ

የአርጀንቲናና የስፔን ተመራማሪዎች የፓምፕሎናን ሩጫ ከላይ ሆነው ቀርጸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። እንደወትሮው ሰው ሲበዛ እርምጃ ይዘገያል፤ መርካቶ ገበያ ውስጥ የሄደ ያውቀዋል። በሩጫው ላይ ግን ኮርማው ሲቀርብ የሰዉ ጥግግትም ፍጥነቱም አብረው ጨመሩ። ይሄ እስከ አንድ ወሰን ነው። ከዚያ በኋላ ሰው እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ይወድቃል፤ ቀጣዩም በወደቀው ላይ ይደናቀፋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ዴኒስ ባርቶሎና ባልደረቦቹ የዚሁ በዓል መክፈቻ ላይ የሚጨናነቀውን ሕዝብ አጥንተው አሳተሙ። ጥግግቱ ሲበዛ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያውቁት፣ ማንም ሳይገፋቸው፣ በ18 ሰከንድ አንድ ዙር ገደማ አብረው ይወዛወዛሉ። በዚያ ሰዓት እግራችሁ የራሳችሁ አይደለም። እንግዲህ ከኮርማው ባመልጥ ከሰው አመልጣለሁ ወይ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በጉዞ ላይ መንጋ ካጋጠማችሁ ይህን ያዙ፦

– መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ቆማችሁ አሳልፉ። ክላክስ መንጋውን ይበትነዋል እንጂ መንገድ አያስከፍትም።

– በእግር ከሆናችሁ በመንጋው መሐል አትሰንጥቁ፤ ዞራችሁ እለፉ።

– ጥጃ ባላት ላምና በጥጃዋ መካከል አትግቡ። አደገኛው ኮርማ ብቻ አይደለም።

– ኮርማ ግዙፍነቱን ለማሳየት ጎኑን ካዞረባችሁ፣ አንገቱን ካደነደነ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬት ከጫረ «ክበቤ ውስጥ ገብታችኋል» እያለ ነው። ጀርባችሁን አትስጡ፣ አትሩጡ፣ እጃችሁን አታወናጭፉ። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ውጡ።

በባህላዊ ሥርዓት ላይ መገኘት ከፈለጋችሁስ? አፋሮች ዳጉ የሚሉት ግሩም ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ። እናንተም ከመግባታችሁ በፊት ዳጉ አድርጉ። ከብቶቹን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፦ የት ልቁም? የትኛው ነው ተናካሽ፣ የትኛው ነው ተዋጊ? መውጫው በየት ነው? የሐመር ዝላይ የልጁና የቤተሰቡ ሥርዓት ነው፤ የእንግዳ ቦታው ዳር ላይ ሆኖ ማየት ነው። የፓምፕሎናውም ለማያውቀው ሰው ከአጥሩ ጀርባ ሲታይ ይበቃል።

መንጋው ተሻግሮ አልቋል። እረኛው የመጨረሻዋን ጊደር ከትከሻዋ ኋላ ሆኖ አንድ እርምጃ ይጠጋታል፤ እሷም ወደ ጓደኞቿ ትቀላቀላለች። መኪናው ይነሳል። ለጥያቄያችን መልሱን አሁን አይታችሁታል፦ ከከብት ጋር የሚያዋጣው የት እንደሚቆሙ ማወቅ ነው።