ድንጋይ ያስቀመጠ ሁሉ ባለቦታ ነውን?

ወልድያ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከደሴ የሚመጣው፣ ወደ ቆቦና ወደ መቀሌ የሚያልፈው፣ በጋሸናም በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ሁሉ እዚያ ይገጥማል። የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። እንዲህ ባሉ ከተሞች ስለ መኪና ማቆሚያ ጠብ ቢነሣ አያስደንቅም። ባለሱቁ በደጁ ፊት ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ያስቀምጣል፤ እንግዳው ሾፌር ድንጋዩን አንሥቶ መኪናውን ያቆማል፤ ከዚያ ስድብ ይከተላል፤ አንዳንዴም ዱላ ይነሣል። ለመሆኑ ከሁለቱ እውነተኛው ማነው?

መልሱን የምናገኘው መሬቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1446 መንገዶችን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረት ይቆጥራቸዋል። በቁጥር 1455 ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት በዘመን ብዛት የግል ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ባለሱቁ ድንጋዩን ሃያ ዓመት ቢያኖረውም መንገዱ የእርሱ አይሆንም። ከመንገድ ላይ ቦታ ከልሎ ለባጃጅ ተራ ወይም ለጭነት ማውረጃ መመደብ የመንግሥት ሥልጣን ነው፤ ምልክቱን የጣሰውንም የሚቀጣው ትራፊክ ፖሊስ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

የግል ግቢ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ቁጥር 1148 ባለይዞታው ይዞታውን ከሚነጥቀው ወይም ከሚያውከው ሰው በኀይል እንዲከላከል ይፈቅድለታል፤ ሆኖም ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኀይል እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። በር ዘግቶ አታስገባም ማለት መከላከል ነው፤ ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ጎማ መቅደድ ግን በቀል ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። ሁከቱ ካልቆመ በቁጥር 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ማቅረብ ይቻላል።

ይህን ስንል ባለሱቁ የሚያማርርበት ነገር የለውም ማለታችን አይደለም። ካሚዮን ቀኑን ሙሉ ደጁን ዘግቶበት ከዋለ ገበያው ይቀርበታል። ሾፌሩም ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ማረፊያ ይሻል። ነገር ግን ድንጋይ የሁለቱንም ችግር አይፈታም። የአንድ ሰፈር ነጋዴዎች ተሰብስበው፣ ሰዓቱ የተወሰነ የዕቃ ማውረጃና ለከባድ መኪና የሚሆን ማደሪያ እንዲከለል ለማዘጋጃ ቤት ቢያመለክቱ ይሻላል። ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዕረፍት ወደየሀገራችን ስንገባ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ለጎረቤቶቻችን መጻፍ ከእኛ አቅም በላይ አይደለም።